ከሱስ የሚያገግም ክርስቲያን ንብረቱን እንዴት ይልቀቅ?

በአዲስ አበባ መሃል፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ መርካቶ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ባሉት ሰፈሮች፣ ጫትን፣ መጠጥን፣ ሽሻን ወይም ቁማርን ተወ የተባለ ሰው ከዘመድም ከጎረቤትም የሚቀርብለት ጥያቄ «እንዴት አስቻለህ?» የሚል ነው። ቤትህ ውስጥ ምን ቀረ፣ የማን ገንዘብ አለብህ፣ ደመወዝህ በማን እጅ ይገባል ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ሱስ በአካል ላይ ብቻ ሳይሆን በንብረትም ላይ ይሠራል፤ ገሚሱን አሽጦና አስይዞ ያስወስዳል፣ የቀረውን ደግሞ ከራሱ ጋር ያቆራኘዋል። ይህ ጽሑፍ ከሱስ በመላቀቅ ላይ ያለ ክርስቲያን፣ ኦርቶዶክሳዊም ሆነ ካቶሊክ ወይም ወንጌላዊ፣ ንብረቱን በእምነት የሚለቅበትን አካሄድ ይገልጻል። በጽሑፉ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ሐሳብ መመለስ ከመስጠት ይቀድማል የሚለው ነው፤ የሌላውን ሰው ገንዘብ ይዞ የራስን መመጽወት ቅደም ተከተሉን ያፋልሳልና።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሐኪም ይታዩ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ በአንዳንዱ ላይም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥና ራስን የሚያስት ቅዠት ይከተላል፣ ይህም ሕይወት እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ስለዚህ ጸበል የሚጠመቅም ሆነ በጸሎት ቤት የሚሰነብት ሰው መጠጡን ከማቆሙ በፊት መመርመር አለበት፤ በመርካቶ አቅራቢያ የሚገኘው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በዚህ ረገድ ሕክምና ይሰጣል። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒትም ጸበል ጀምሬያለሁ ብሎ ማቋረጥ አይገባም።

ለምን አይቸኮልም?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለ ንብረት ትልቅ ውሳኔ እንዳይወስኑ አጥብቄ እመክራለሁ። ሱስ ሰውን የሚያለማምደው ሁሉን ነገር አሁኑኑ ማድረግን ነው፤ ትናንት ደመወዙን በአንድ ምሽት የጨረሰ እጅ ዛሬ ቁም ሣጥኑን በአንድ ጠዋት ቢያራግፍ፣ ሰውየው የተለወጠ ይመስላል እንጂ ችኮላው ያው የቀድሞው ነው። ጉባኤ ላይ ልባቸው ተነክቶ ስልካቸውን፣ ጃኬታቸውን፣ የሥራ መሣሪያቸውን ሳይቀር ሰጥተው የወጡ ወጣቶች አሉ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ብርዱና ሥራ ማጣቱ ሲበረታ ጸጸት ይከተላል፣ ጸጸቱም ወደ ለመዱት በረንዳ ይመልሳቸዋል። የአናጺን መጋዝ ወይም የሹፌርን መንጃ ፈቃድ ማሳደሻ ገንዘብ መመጽወት ጽድቅ ሳይሆን ሰውየውን ከነገ እንጀራው ማለያየት ነው።

ቅዱስ መጽሐፍም ለሁሉ አንድ ልክ አላወጣም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ለመጣው ባለጸጋ ጌታ ያለውን ሁሉ ሽጦ ለድሆች እንዲሰጥ ነግሮታል፣ ሰውየውም አዝኖ ሄዷል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ላይ ያለው ዘኬዎስ ግን ሁሉን ሽጥ አልተባለም፤ ራሱ ተነሥቶ እኩሌታውን ለድሆች እንደሚሰጥ፣ በሐሰት የወሰደውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ፣ መዳንም ለቤቱ ሆነ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ላይ ሐናንያ የተወቀሰው ከመሬቱ ሽያጭ ስላስቀረ ሳይሆን ሁሉን የሰጠ መስሎ ስለዋሸ ነው፤ ጴጥሮስ ሳይሸጥም ሆነ ከተሸጠ በኋላ ገንዘቡ በእጁ እንደነበረ ነግሮታል። የመነኮሳት አባት የሚባለው ቅዱስ እንጦንስ እንኳ፣ ቅዱስ አትናቴዎስ እንደ ጻፈለት፣ ወንጌሉን ሰምቶ ርስቱን ሲለቅ በመጀመሪያ ለእኅቱ የሚሆን አስቀርቶ ነበር፤ በኋላ የቀረውንም ሲሰጥ እኅቱን ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጥቶ ነው። አስቦ መልቀቅ ከእምነት ማነስ እንደማይቆጠር ከእነዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህን ጊዜ ከማን ጋር ሆኖ ማሳለፍ እንደሚገባ አስቀድሞ መወሰን ይጠቅማል። የንስሐ አባት ያለው ሰው ለእርሳቸው፣ ፓስተር ወይም የሕዋስ (የትንሽ የጸሎት ቡድን) መሪ ያለው ለእርሱ፣ ንብረትን የሚመለከተውን ነገር ከኃጢአቱ ኑዛዜ ጋር ሳይለያይ ይንገር። አንዳንዱ ሰው ስንት ቀን እንደጠጣ ይናዘዝና የማንን ገንዘብ እንደጠጣ ይዘልለዋል።

መዝገቡ

አንድ ደብተር ይግዙና በቤትዎ ያለውን፣ በሰው እጅ ያለዎትንና የሰው የሆነውን ሁሉ ይጻፉ። ወረቀቱ ለጸሎት ብቻ ሳይሆን ለሒሳብም ስለሚያገለግል የዕቃውን ስም፣ እንዴት እንደመጣና ከሱሱ ጋር ያለውን ግንኙነት ያስፍሩ። ጃኬቱ በቁማር ትርፍ የተገዛ ነው? ቴሌቪዥኑ በዱቤ የመጣ ነው? ቴርሞሱ ከቡና ይልቅ ለመቃሚያ የሚፈላ ሻይ ይያዝበት ነበር? በጽሑፍ ሲሰፍር ብዙ ነገር ይገለጣል፤ በተለይ ከቤት የጠፉት ዕቃዎች፣ ማለትም ተሽጠውና ተይዘው የቀሩት፣ ከቀሩት ይልቅ ረጅም ዝርዝር ሊሆኑ ይችላሉ። ደብተሩን በአንድ ቀን ለመጨረስ አይሞክሩ፤ ትዝታ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ወዲያው የሚወገደው

መጠበቅ የማይገባው አንድ ክፍል አለ፣ እርሱም የሱሱ መሣሪያ ነው። የሽሻ ዕቃ፣ ጋያ፣ የተደበቀ ጠርሙስ፣ የቁማር ካርታ፣ በኪስ የቀረ ሲጋራ በዚያው ቀን ከቤት ይወጣል። እዚህ ላይ የኤፌሶን ሰዎች ያደረጉት ምሳሌ ይሆናል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 እንደተጻፈው ጠንቋዮች የነበሩት አምነው መጽሐፎቻቸውን ሰብስበው በሰው ፊት አቃጠሉ፤ ዋጋው ሲታሰብ በዘመኑ የብር ሳንቲም 50,000 ነበር። ሽጠውት ገንዘቡን ለድሆች መስጠት ይችሉ ነበር፣ ነገር ግን ክፉውን ለሌላ ሰው አላሻገሩም። ስለዚህ የሽሻ ዕቃዎን «ውድ ነው» ብለው በምናለሽ ተራ ለመሸጥ፣ ወይም በጠዋት እየጮኸ ለሚያልፈው ቆራሌ ለመስጠት አያስቡ፤ መስታወቱን ይስበሩ፣ ቧንቧውን ይቁረጡ፣ ከዚያ ወደ ቆሻሻ ይጣሉት። ብቻዎን አያድርጉት፤ ጠርሙስ ሊደፋ ሄዶ የቀመሰው ጥቂት አይደለም።

ከዚህ ለየት የሚሉት በራሳቸው ምንም በደል የሌለባቸው፣ ነገር ግን ከሱሱ ጋር አብረው የኖሩ ዕቃዎች ናቸው። ለምሳሌ በርጫ ይደረግበት የነበረው ክፍል ፍራሽ፣ መከዳዎቹ፣ በመካከል የሚቀመጠው ረከቦትና ሲኒ። ከምሳ በኋላ እስከ ማታ የተቀመጡበት ቦታ እንደሆነ ሰውነት ያውቀዋል፤ ፍራሹ ላይ ጎን ሲያሳርፉ ምላስ ጫቱን መፈለግ ይጀምራል። ፍራሹ መኝታ ስለሆነ ማቃጠል አያስፈልግም፤ ነገር ግን ከግድግዳው ያነሡት፣ ጨርቁን ይለውጡት፣ ክፍሉን ያዙሩት፣ በተቀመጡበት ማእዘን ሥዕለ አድኅኖ ወይም መጽሐፍ ቅዱስ የሚቀመጥበት ትንሽ ጠረጴዛ ያኑሩ። ረከቦቱን ለጊዜው እናትዎ ወይም እኅትዎ ቤት ያሳድሩት። የእግዚአብሔር ፍጥረት ሁሉ መልካም ነው ተብሎ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥4 ተጽፏልና ሲኒው ላይ እርግማን ማውረድ አያሻም፤ የሚያስፈልገው ርቀት ብቻ ነው።

መመለስ

ከመዝገቡ ውስጥ ከባዱና ጊዜ የሚወስደው ክፍል ይህ ነው፣ ስለዚህም ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ። በኦሪት ዘኍልቍ 5፥6 እና 7 ላይ የሰውን ገንዘብ የበደለ ሰው በመጀመሪያ ኃጢአቱን እንዲናዘዝ፣ ቀጥሎ ዋናውን እንዲመልስ፣ በላዩም አንድ አምስተኛ እንዲጨምር፣ ሁሉንም ለተበደለው ሰው እንዲሰጥ ታዟል። ኑዛዜውና ክፍያው በአንድ አንቀጽ ውስጥ የተቀመጡ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። የዘኬዎስ አራት እጥፍ ደግሞ በገዛ ፈቃዱ ራሱ የተናገረው ልክ ነበር። ድሃ ሆኖ ለሚያገግም ሰው ዋናውን ብቻ በጥቂት በጥቂቱ መክፈል መቻሉ ትልቅ ነገር ነው፤ አቅም የሌለውን ትርፍ ቃል ገብቶ መዋሸት አይገባም።

ከክርስትና ውጭ ያሉ የማገገሚያ ቡድኖችም ይህን ያውቃሉ። በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በአክሮን ከተማ የተጀመረው የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር ከ12ቱ ደረጃዎቹ መካከል ስምንተኛው የተበደሉትን ሰዎች ስም መዘርዘርን፣ ዘጠነኛው ደግሞ በተቻለ መጠን ፊት ለፊት መካስን ይመለከታል፤ ነገር ግን መካሱ ያንን ሰው ወይም ሌላውን የሚጎዳ ከሆነ ይቅር ይላል። ይህ ማሳሰቢያ ለእኛም ይጠቅማል። ለምሳሌ ባለትዳር የሆነችን ሴት ገንዘብ የተበደረ ሰው ባሏ ፊት ሄዶ «ልመልስልሽ ነው» ቢል ሌላ ቤት ሊያፈርስ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ከንስሐ አባት ጋር ሳይማከሩ አያድርጉት።

በቤተሰብ ይጀምሩ። የእናት ጆሮ ጌጥ፣ የወንድም ላፕቶፕ፣ የአባት ካፖርት ተሸጦ ከሆነ ዕቃው ተመልሶ አይገኝ ይሆናል፤ ያም ሆኖ ስሙን ጠርቶ «እኔ ነኝ የወሰድኩት» ማለት የግድ ነው። ብዙ ቤተሰብ ማን እንደወሰደው ያውቃል፣ ግን ሠራተኛዋ ተጠርጥራ ተባርራ ከሆነ እርሷም የተበደለች ናት፤ እርሷን አፈላልጎ ይቅርታ መጠየቅና የቀረባትን ደመወዝ መክፈል ከጆሮ ጌጡ ይቀድማል ብዬ አምናለሁ፤ እናት ልጇን ይቅር ትላለች፣ ሠራተኛዋ ግን የሌባ ስም ተለጥፎባት ነው የወጣችው።

ቀጥሎ የእቁብ ጉዳይ አለ። ዕጣው ደርሶት ገንዘቡን ከበላ በኋላ መጣል ያቆመ ሰው የበደለው ሰብሳቢውን ብቻ ሳይሆን ያልደረሳቸውን ሁሉ ነው። ራስዎ ሄደው ከመሟገት ይልቅ ሁለት ሽማግሌ ይላኩ፤ የቀረውን ገንዘብ በስንት ወር እንደሚጨርሱ በወረቀት ይጻፉና ይፈርሙ። የሰፈር ሱቅ ዱቤም እንዲሁ ነው፤ ባለሱቁ ከደብተሩ ላይ ስምዎን እየሰረዘ ሲሄድ ማየት ያበረታል። የጫት ቤትና የመጠጥ ቤት ዕዳ ግን በእግርዎ ሄደው የሚከፍሉት አይደለም። ገንዘቡን ለታመነ ሰው ይስጡና እርሱ ይክፈል፣ ደረሰኝ ባይኖርም ባለቤቷ በስልክ «ደርሶኛል» ትበልዎ። ከዚያ ቁጥሯን ያጥፉ።

አራጣ የተበደሩ ከሆነ ከሽማግሌዎቹ አይደብቁ፤ ወለዱ በየወሩ ስለሚያድግ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። በስልክ የሚገኘው ብድር፣ ለምሳሌ የቴሌብር እንደኪሴና መላ፣ መጠኑ ትንሽ ስለሚመስል በመዝገቡ ላይ ሳይሰፍር ይቀራል፤ እርሱንም ይጻፉ፣ ከከፈሉ በኋላም ዳግመኛ አይክፈቱት። ባለቤቱ የማይታወቅ ወይም በሞት የተለየ ሰው ገንዘብ ከሆነ ለወራሾቹ፣ ወራሽ ከሌለም ለድሆች መስጠት የተገባ ነው።

ሽያጭና በእጅ የሚገባ ብር

ዕዳ ለመክፈል የራስን ዕቃ መሸጥ ይመጣ ይሆናል። አደጋው በዕቃው ላይ ሳይሆን በሽያጩ ማግስት ላይ ነው። መርካቶ ሄደው ቴፕዎን ወይም ሶፋዎን ሲሸጡ ገዢው ብሩን በጣቱ እያረጠበ ቆጥሮ መዳፍዎ ላይ ያኖራል፤ ኪስዎ ይከብዳል፣ ከዚያ እስከ ታክሲ ተራ ባለው መንገድ ላይ የጫቱ ቅጠል በሙዝ ኮባ ተጠቅልሎ በየበሩ ይታያል፣ ልብ ደግሞ «አንድ ቀን ነው፣ ዕዳህንም ልትከፍል ነው፣ ይገባሃል» ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ብቻዎን አይሽጡ፤ አብሮዎት የሚሄድ ሰው ገንዘቡን ይቀበል፣ ወይም ገዢው በቴሌብር በቀጥታ ለአበዳሪው ያስተላልፍ። ጥሬ ገንዘብ በእጅዎ ሳያልፍ ዕዳ ቢዘጋ ይበልጣል።

የደመወዝና የባንክ ካርድ ጉዳይም ከዚሁ የሚለይ አይደለም። ባለትዳር ከሆኑ ካርዱ ለጊዜው በባለቤትዎ እጅ ይሁን፣ ካልሆኑ በእናት፣ በእኅት ወይም በታመነ ወንድም እጅ። ለትራንስፖርትና ለምሳ የሚበቃ ብቻ በየቀኑ ይቀበሉ። ይህን ውርደት አድርጎ የሚያይ ሰው አለ፤ ነገር ግን ራሱን ለእግዚአብሔር አሳልፌ ሰጥቻለሁ የሚል ሰው ካርዱን ለእኅቱ አሳልፎ መስጠት ከከበደው አሳልፎ የሰጠው ምን እንደሆነ ቆም ብሎ ይጠይቅ።

ስልክ የተለየ ትኩረት ይሻል። በፒያሳና በካዛንቺስ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ዳር ሰፈሮች ሲሄድ «ጫት ቤቱም አብሮ ፈረሰ፣ ተገላገልን» ያሉ ቤተሰቦች ነበሩ። ጎረቤቱ መበተኑ ለአንዳንዱ ረድቶት ይሆናል፤ ግን የስፖርት ውርርዱም ሆነ የድሮ ጓደኞች ጥሪ ሰፈር አያስፈልገውም፣ ሁሉም በስልኩ ውስጥ አብሮ ተጉዟል። የውርርድ መተግበሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ሂሳቡንም እንዲዘጋ ይጠይቁ። የሚያቀርቡልዎትንና አብረው የሚቅሙትን ሰዎች ቁጥር ከማጥፋትዎ በፊት ዕዳ ያለባቸውን ወይም እርስዎ ዕዳ ያለብዎትን በደብተሩ ይመዝግቡ። ቁማሩ የከፋበት ሰው ለጥቂት ወራት ዘመናዊ ስልኩን አደራ ሰጥቶ ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ቢይዝ አልከፋም፤ ሥራው በስልክ የሚሠራ ከሆነ ግን የይለፍ ቃሉን ሌላ ሰው ይያዝለት።

የቤተሰብ የሆነውን አይመጽውቱ

ንስሐ የገባ ባል ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሚስት «የእኔስ አይደለም ወይ?» ብትል ትክክል ናት። በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን እንደካደ ተቆጥሯል። ሕጉም ከእርሷ ጋር ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 ከ100 ብር በላይ የሆነ የጋራ ንብረት በስጦታ ለመስጠት፣ ከ500 ብር በላይም ለመበደር የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። 100 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ሁላችንም ስለምናውቅ፣ በተግባር ማንኛውም ዕቃ ከቤት ሲወጣ ምክክር ያሻዋል ማለት ነው። ሱስ በነበረበት ዘመን ያልተጠየቀች ሚስት በንስሐው ዘመንም ካልተጠየቀች ለእርሷ ምንም አልተለወጠም።

ለማን ይሰጣል፣ ለማን አይሰጥም?

ዕዳው መንገድ ከያዘና ቤተሰብ ከተስማማ በኋላ ምጽዋቱ ይመጣል። ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 6 ምጽዋትን፣ ጸሎትንና ጾምን አከታትሎ ያስተማረ ስለሆነ ከጾም ጋር ማያያዙ መልካም ነው፤ ለምሳሌ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ነገር እየለዩ ማውጣት ችኮላንም ስስትንም ይቆጣጠራል። ልብሱ ታጥቦና ተሰፍቶ ይሰጥ፣ ቁልፍ የጎደለው ቁልፍ ይገባለት። በስድስት ኪሎ ያለው የማዘር ቴሬዛ ሴቶች ገዳማውያን ቤት፣ የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል፣ ወይም በየደብሩ በር ያሉ ነዳያን ይቀበሉታል። ፎቶ አንሥቶ በፌስቡክ መለጠፍ ግን ግራ እጅ ቀኝ እጅ የምትሠራውን አትወቅ ከተባለው ጋር አይስማማም፤ ለማገገሙም አይረዳም፣ ጭብጨባ የለመደ ሰው ጭብጨባው ሲቀር ይቆዝማልና።

አሁንም በሱሱ ውስጥ ላለ የድሮ ጓደኛ ጥሬ ገንዘብ አይስጡ። ምሳ ይጋብዙት፣ ሐኪም ቤት ይውሰዱት፣ ከቻሉ የታክሲ ይክፈሉለት፤ ምጽዋትዎ ወደ ጫት ቤት ተዘዋውሮ እንዳይገባ።

ሌላው አጥብቆ መጠንቀቅ የሚያሻው ነገር በሃይማኖት ስም ንብረት የሚጠይቅ ሰው ነው። «መኪናህን ዝራ፣ ሱሱ ከሥሩ ይነቀላል» ወይም «ይህን ያህል ካመጣህ እጸልይልሃለሁ» የሚል አገልጋይ፣ ባሕታዊ ነኝ ባይም ይሁን ነቢይ ነኝ ባይ፣ ከደጁ መራቅ ይገባል። ነቢዩ ኤልሳዕ ከለምጽ ለነጻው ለንዕማን ስጦታህን አልቀበልም ብሎ ምሎ መልሶታል፤ ተደብቆ የተቀበለው አገልጋዩ ግያዝ ለምጹን ወረሰ። ሲሞን መሠርይ የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ሲያቀርብም ጴጥሮስ ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ ብሎታል። በማገገም ላይ ያለ ሰው ለእንዲህ ያለው ነጋዴ የተመቸ ነው፤ የበደለኝነት ስሜቱ ከፍ ያለ፣ ፍርዱ ገና ያልጠነከረ፣ ተአምር የናፈቀው ስለሆነ። ንብረት ከመስጠትዎ በፊት ማንም ቢጠይቅዎ «ከቤተሰቤና ከንስሐ አባቴ ጋር ልማከር» ይበሉ፤ ይህን ሲሰማ የሚቆጣ ከሆነ መልሱን አግኝተዋል።

የተለቀቀው ቦታ

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ላይ የወጣው ርኩስ መንፈስ ተመልሶ ሲመጣ ቤቱን ባዶ ሆኖ ተጠርጎና አጊጦ አገኘው፣ ከእርሱ የከፉ ሰባት ሌሎችንም ይዞ ገባ ይላል። ዕቃው ከወጣ በኋላ ክፍሉ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ባዶ ይሆናል። ለቃሚ ሰው ከስምንት ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያለው ጊዜ፣ ለጠጪ ከሥራ መውጫ እስከ ምሽት፣ ለቁማርተኛ የእንግሊዝ ጨዋታ ያለበት ቅዳሜና እሑድ ናቸው የሚፈተኑት። እነዚህን ሰዓቶች በስም እየጠሩ ይሙሏቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በደብሩ ጽዳት መሳተፍ፣ የሰንበት ት/ቤት መዝሙር ጥናት፣ የጸሎት ኅብረት፣ እንዲሁም ላብ የሚያወጣ ሥራ ይረዳሉ።

ባዶው በሌላ ዕቃ እንዳይሞላም ይጠበቁ። መጠጥ ትተው በየሳምንቱ ጫማ መግዛት የጀመሩ፣ «አሁንማ ለራሴ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ጫማው ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን ገንዘቡ በእጅ ሲገባ የሚመጣውን መቁነጥነጥ ለማስታገስ ከተገዛ ነገሩ ስሙን ለውጦ ተመልሷል ማለት ነው። ምግብና ልብስ ካለን እርሱ ይበቃናል የሚለውን የሐዋርያው ቃል እንደ መለኪያ ወስደው፣ ከዚያ በላይ የሆነ ግዢ ሁሉ ሦስት ቀን ይደርበት፤ በአራተኛውም ቀን የሚያስፈልግ ከሆነ ካርዱን ለያዘው ሰው ይንገሩና ይግዙ። በበዓል ሰሞን ይህ ይበልጥ ይጥብቅ፤ የቅርጫው፣ የዶሮው፣ የልጆች ልብሱ ወጪ በአንድ ላይ ሲመጣ ገንዘብ በብዛት ይንቀሳቀሳል፣ በየቤቱም ጠርሙስ ይከፈታል።

አደራው በወረቀት

ካርድ፣ ስልክ፣ የቤት ካርታ ወይም የወርቅ ዕቃ በአደራ የያዘ ሰው ካለ በአንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ፤ ምን እንደተረከበ፣ እስከ መቼ እንደሚይዘው፣ ምን ሲሆን እንደማይመልስ። ሦስት ሰው ይፈርምበት፣ አንዱ የንስሐ አባት ወይም ሽማግሌ ቢሆን ይመረጣል። ዘመኑ ሲሞላ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይመለስ፤ በመጀመሪያ የትራንስፖርቱ፣ ቀጥሎ የሳምንቱ ወጪ፣ ከዚያ ካርዱ። ያገገመው ሰው ከቀኑ በፊት «አሁን ተሽሎኛል፣ ስጠኝ» ብሎ ሲቆጣ አደራ ያዡ ወረቀቱን ማሳየት እንጂ መከራከር አይጠበቅበትም።

ሱሱ ያገረሸበት እንደሆነ፣ ለድሆች የተሰጠውን መልሶ አይጠየቅም፣ አደራውም አይለቀቅም፤ አበዳሪዎቹ ግን በዚያው ሳምንት ይነገራቸው፣ የክፍያው ቀን እንዲገፋም በሽማግሌ ይለመኑ። መዝገቡ አይቀደድ። የተከፈለው የተከፈለ ሆኖ ይቆያል፣ ያልተከፈለው ካለበት ይቀጥላል፤ ሐኪሙም በሚቀጥለው ቀጠሮ እስኪያየው ሳይጠበቅ በዚያው ዕለት ይነገረው።